የሐጂ በቆሎ፦ በጅማ ዙሪያ በአንድ ማሳ የተገኙ ቫይረሶችና የዝምድናቸው ጥያቄ

ጉዳዩ የተነሣው ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ግልገል ጊቤ በሚወርድ ጅረት ዳር በሚገኝ የበቆሎ ማሳ ነው። ማሳው ሁለት ክፍል አለው። የላይኛው ተዳፋት ዝናቡ ሲጀምር ሚያዝያ ላይ ይዘራል። የታችኛው ረባዳ ደግሞ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት በበጋ የሚለማ፣ በአካባቢው ቦኔ የሚባለው እርሻ ነው። የጅማ ስም ከቡና ጋር ይነሣ እንጂ የብዙው ገበሬ ጎተራ የሚሞላው በበቆሎ ነው። ባለማሳውን ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» እያለ ስለሚጠራቸው እዚህም መጠሪያቸው ይኸው ይሁን።

ሐምሌ ላይ የላይኛው በቆሎ መገርጣት ጀመረ። የመጀመሪያው መካሪ «ናይትሮጅን አንሶት ነው» ብሎ ዩሪያ አስጨመራቸው። ሁለተኛው ፀረ ተባይ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ በአንዳንዱ ተክል እምብርት ውስጥ ተምች አይቶ ርጭት አዘዘ። ተምቹ በእርግጥም ነበረ፤ ነገር ግን የገረጣው በቆሎ ሁሉ የተበላ አልነበረም። ሦስተኛው መካሪ በስልኩ የያዘውን ፎቶግራፍ እያሳየ «ይህ በኬንያ በኩል የመጣው ገዳይ በሽታ ነው፤ ማሳውን በሙሉ ነቅላችሁ አቃጥሉት» አለ። ሐጂ ለዩሪያውም ለመድኃኒቱም ገንዘብ አውጥተዋል። ማቃጠሉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉና የቀበሌዋን የልማት ሠራተኛ አስጠሩ፤ እሷም እኔን ጠራችኝ።

«ልጄ፣ ይህ አንድ በሽታ ነው ወይስ ብዙ?» አሏት። «አንድ ከሆነ አንድ መላ ንገሩኝ። ብዙ ከሆነ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለዩልኝና የሚነቀለውን ልንቀል።»

የዕፅዋት ቫይረስ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ የተከራከሩበት ጥያቄ ይህ ነው። ሁለት የታመሙ ተክሎች አንድ ቫይረስ ይዟቸዋል የምንለው ምን ሲመሳሰል ነው? ምልክቱ? ያመጣው ነፍሳት? ወይስ የቫይረሱ የራሱ አካልና የዘር ሐረግ? በሐጂ ማሳ ላይ ሦስቱም መለኪያዎች በተራ ተሞክረዋል። የተሰጡት መልሶችም አንድ ዓይነት አልነበሩም።

ቅጠሉ የሚናገረውና የማይናገረው

ከዩሪያ እጥረት እንጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ናይትሮጅን ያነሰው በቆሎ ቢጫ የሚሆነው ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ጀምሮ ነው፤ ቢጫው ከጫፍ ተነሥቶ በመሃል አከርካሪው በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። በሐጂ ማሳ የታመሙት ግን አዳዲሶቹ ቅጠሎች ነበሩ። ስለዚህ ዩሪያው መልስ አልነበረም።

ከታችኛው ረባዳ አጠገብ የበቀሉት ተክሎች ላይ ቀጫጭን፣ የተቆራረጡ፣ ፈዛዛ ቢጫ መስመሮች የቅጠሉን ሥር ተከትለው ተሰልፈዋል። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ይህ በሽታ በተክሉ ላይ ቀኑን ጽፎ የሚሄድ ነውና። አንዱን አገዳ ከሥሩ ጀምረን ቅጠል በቅጠል ወደ ላይ ቆጠርን። የታችኞቹ ቅጠሎች ንጹሕ አረንጓዴ ናቸው። ቀጥሎ ያለው ቅጠል ጫፉ ንጹሕ ሆኖ ወደ ሥሩ በኩል ነጠብጣብ ይጀምረዋል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ተሸንትሯል። ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ያደገው ቅጠል ምልክት አያሳይም፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ ያሳያል። ስለዚህ ንጹሕና ሽንትር የሚገናኙበትን ቅጠል ያገኘ ሰው ተክሉ በስንት ቅጠሉ እንደተነደፈ ያውቃል። ከረባዳው ጥግ ያሉት ገና በጨቅላነታቸው የተነደፉ ናቸው፤ ወደ ላይ በወጣን መጠን የሽንትሩ መነሻም ወደ ላይኛው ቅጠል ከፍ ይላል። ነፍሳቱ ከየት እንደተነሣና ወደየት እንደተጓዘ ማሳው ራሱ መሰከረ።

በማሳው መሃል ያሉት ሌላ መልክ ነበራቸው። መስመር ሳይሆን ዝንጉርጉር ነው፤ ቅጠሉ ወደ ፀሐይ ሲያዝ በፈዛዛው መደብ ላይ ደማቅ አረንጓዴ ደሴቶች ይታያሉ፤ ይህም ይበልጥ የሚጎላው በአዲሱ ቅጠል ሥር ላይ ነው። እነዚህ ተክሎች ከጤነኞቹ ትንሽ አጠር ከማለታቸው በቀር ዘንግ አውጥተው ፍሬ ይዘዋል።

በመንገዱ በኩል ያለው ጥግ ግን የሚያስደነግጥ ነበር። ቅጠሎቹ ከዳር ወደ መሃል ደርቀዋል፤ የአንዳንዱ እምብርት ሞቷል። አገዳው ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ የፍሬው ልባስ ነጭ ሆኖ ደርቋል። ሐጂ አንዱን ገንጥለው ሲልጡት እዚህም እዚያም የተበተነ፣ የጨረጨሰ ፍሬ ብቻ ያለበት ቆረቆንዳ ወጣ። የፎቶግራፉ ሰው ያየው ይህን ጥግ ነው፤ ስለ ጥጉ የተናገረውም ትክክል ነበር። ከጥጉ ተነሥቶ ስለ ማሳው ሁሉ መፍረዱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ምልክት የተክሉ ጩኸት እንጂ የቫይረሱ መታወቂያ አይደለም። አንዱ ቫይረስ በሁለት የበቆሎ ዝርያዎች ላይ ሁለት መልክ ሊያሳይ ይችላል፤ ሁለት ባዕድ ቫይረሶችም አንድ ዓይነት ዝንጉርጉር ሊያወጡ ይችላሉ። የሽንትሩ ምልክት እንደዚያ ግልጽ ሆኖ መገኘቱ ዕድል ነበር። ዝንጉርጉሩ ግን በዓይን ብቻ የሚዳኝ አልነበረም፤ የመንገዱ ጥግማ ጭራሽ አይሆንም።

በነፍሳቱ መመደብ

ሁለተኛው ሙከራ ነፍሳቱን መያዝ ነበር። በረባዳው ዳር ባለው ሣር ላይ ስንራመድ ጭድ መሳይ ትንንሽ ነፍሳት እየዘለሉ ተነሡ። በአፍ በሚሳብ ቱቦ ይዘን በማጉያ መነጽር ስናያቸው ርዝመታቸው ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአናታቸው ላይ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ሁለት ክብ ጥቁር ነጥቦች አሉ። ሲካዱሊና የሚባሉት ናቸው። በመሃሉ ማሳ በዘንጉና በእምብርቱ ውስጥ ሰማያዊ አረንጓዴ የበቆሎ ክሽክሽ ተሰግስጓል። በመንገዱ ጥግ ደግሞ ቅጠሉን በነጭ ወረቀት ላይ ስናራግፈው ትሪፕስ የሚባሉ ቀጫጭን ነፍሳት ረገፉ።

የልማት ሠራተኛዋ ፊቷ በራ። «እንግዲያው ተለየ፤ የዘላዩ፣ የክሽክሹ፣ የትሪፕሱ ብለን ሦስት ቦታ እንመድባቸው» አለች። ይህ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። የዕፅዋት ቫይረስ ሳይንስም ለረጅም ዘመን የሄደበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ዋትሰንና ሮበርትስ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቫይረሶችን ነፍሳቱ ላይ በሚቆዩበት ጊዜ ለዩአቸው፤ ወዲያው የሚጠፉና ለረጅም ጊዜ የሚዘልቁ በሚል። ሲልቬስተር በ1956 በሁለቱ መካከል ያለውን ሦስተኛ ወገን ጨመረ። በ1966 ጊብስ፣ ሃሪሰን፣ ዋትሰንና ዊልዲ ለእያንዳንዱ ቫይረስ ባሕርዩን በአራት ጥንድ ምልክቶች የሚገልጽ ክሪፕቶግራም ሲያቀርቡ፣ የመጨረሻው ምልክት የተሰጠው ለአስተላላፊው ነበር።

ይህ ምደባ ለገበሬው የሚሰጠው ጥቅም ተጨባጭ ነው። ክሽክሽ የዝንጉርጉሩን ቫይረስ ለመቅሰምም ለመትከልም ሴኮንዶች ይበቁታል፤ ቫይረሱ የሚይዘው የአፉን መርፌ ነው፤ ጥቂት ጤነኛ ተክሎችን ከቀመሰ በኋላም ይለቀዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ክሽክሹን እስኪገድለው ድረስ ሥራው አልቋል። አንዳንዴ እንዲያውም ርጭቱ የበረገገውን ክሽክሽ ከተክል ወደ ተክል ያዘዋውረዋል። የሽንትሩ ቫይረስ ግን የተለየ ነው፤ ከዘላዩ አንጀት ወደ ደሙ፣ ከደሙ ወደ ምራቁ መሻገር አለበት። ይህም ሰዓታት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ነፍሳቱ እስክትሞት ድረስ አስተላላፊ ናት። እዚህ ላይ ዘርን በመድኃኒት አሽቶ መዝራት ትርጉም አለው። የመንገዱ ጥግ ቫይረስ ከሁለቱ መካከል ነው፤ ትሪፕስ ላይ ለቀናት ይቆያል።

ስለ ዘላዩ አንድ ታሪክ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የበቆሎ ሽንትር በጽሑፍ የተመዘገበው በ1901 በደቡብ አፍሪካ ናታል ሲሆን፣ መዝጋቢው ክሎድ ፉለር ነበር። በሲካዱሊና እንደሚተላለፍ ያሳየው ስቶሬይ ነው፤ በ1920ዎቹ። በኋላ በታንጋኒካ አማኒ ሲሠራ፣ ከአንድ ዝርያ ዘላዮች አንዳንዶቹ ቫይረሱን በልተው እንኳ እንደማያስተላልፉ አስተዋለ። የእነዚህን አንጀት በረቂቅ መርፌ ቢወጋው ማስተላለፍ ጀመሩ። በራቸው ዝግ የነበረው አንጀታቸው ነው ማለት ነው። የረቀቀ መሣሪያ ሳይኖረው፣ በምሥራቅ አፍሪካ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ የተሠራ ሥራ ነው፤ ዛሬም ድረስ ይገርመኛል።

ታዲያ በነፍሳቱ መመደብ ምን ጎደለው? ዘመድን ከባዕድ አይለይም። ፖቲቪሪዴ የሚባለውን ታላቅ ቤተሰብ ብንወስድ፣ ፖቲቫይረሶቹ በክሽክሽ፣ አይፖሞቫይረሶቹ በነጭ ዝንብ፣ ባይሞቫይረሶቹ ደግሞ አፈር ውስጥ በሚኖር ጥቃቅን ፍጡር ይተላለፋሉ። በረቂቅ ቅንቅን የሚተላለፉትን ሁለት ወገኖች ደግሞ ሰዎች ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ አስቀምጠዋቸው ነበር፤ የዘር ቅደም ተከተላቸው በ1990ዎቹ ሲነበብ ግን አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ለክሽክሾቹ ቫይረሶች የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ ተለያዩም። በ1990 ደግሞ ብሪደንና ባልደረቦቹ በነጭ ዝንብ የሚተላለፈውን የአፍሪካ ካሳቫ ሞዛይክ ቫይረስ ወስደው የልባስ ፕሮቲኑን፣ ማለትም የዘር መዝገቡን የሚሸፍነውን ፕሮቲን፣ በዘላይ ከሚተላለፍ ሩቅ ዘመዱ ፕሮቲን ተኩለት። የተቀየረውን ቫይረስ ዘላዩ አስተላለፈው። ማን እንደሚሸከመው የወሰነው ልብሱ ነበር ማለት ነው። ልብስ ይቀየራል፤ ስለዚህ በተሸካሚው ብቻ ቤተሰብ መወሰን አያስተማምንም።

በሐጂ ማሳም ተመሳሳይ ችግር ነበረ። በመንገዱ ጥግ ትሪፕስ ብቻ አልነበረም፤ ክሽክሽም ነበረ፣ ዘላይም አልፎ አልፎ ይዘል ነበር። በአንድ ተክል ላይ ሦስቱም ካሉ በየትኛው እንመድበው?

ላቦራቶሪው

ናሙና ስንወስድ የማሳውን ንድፍ በወረቀት ላይ ሥለን እያንዳንዱን ቅጠል በመስመሩና በቦታው ምልክት አደረግንበት። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የኋላው ውሳኔ ሁሉ የቆመው ግን በዚህ ንድፍ ላይ ነበር።

የሚገርመው ነገር ምርመራውን ለማዘዝ ራሱ ምደባ ያስፈልጋል። የሽንትሩ ቫይረስ የጀሚኒቪሪዴ ቤተሰብ፣ የማስትሬቫይረስ ወገን ነው፤ የዘር መዝገቡ ክብ ነጠላ ዲኤንኤ ስለሆነ ዲኤንኤን አባዝቶ የሚለየው ምርመራ፣ ፒሲአር፣ በቀጥታ ይሠራለታል። አካሉም ልዩ ነው፤ ሁለት ኳስ መሳይ ቅንጣቶች ተጣብቀው መንትያ ሆነዋል። የዝንጉርጉሩ የተጠረጠረው የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስ ፖቲቫይረስ ነው፤ 750 ናኖ ሜትር ገደማ የሚረዝም ተለማጭ ዘንግ ሲሆን መዝገቡ አርኤንኤ ነው። የመንገዱ ጥግ ተጠርጣሪ፣ የበቆሎ ክሎሮቲክ ሞትል ቫይረስ፣ የቶምቡስቪሪዴ ቤተሰብ ነው፤ 30 ናኖ ሜትር ያህል ድቡልቡል፣ እሱም ባለ አርኤንኤ። አርኤንኤ ከሆነ አስቀድሞ ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ አለበት። ሁሉንም «ቫይረስ» ብሎ በአንድ ዘዴ የመረመረ ሰው ግማሹን ሳያገኝ «ነጻ ነው» ብሎ ይፈርማል።

ቫይረሱን በፀረ አካል የሚለየው ምርመራ፣ ኢላይዛም ተሠርቷል። የኢላይዛ ዘዴ ለዕፅዋት ቫይረስ የዋለው ከ1977 የክላርክና አዳምስ ሥራ ወዲህ ነው፤ ርካሽና አስተማማኝ ነው። በፖቲቫይረሶች ዘንድ ግን ወጥመድ አለው፤ የልባስ ፕሮቲናቸው መሃል ክፍል ስለሚመሳሰል የአንዱ ፀረ አካል ዘመዱንም ሊይዝ ይችላል። በሣር ወገን ሰብሎች ላይ የሚገኙት ፖቲቫይረሶች ለብዙ ዓመታት የአንድ ወይም የሁለት ቫይረስ ዓይነቶች እየተባሉ ተቀላቅለው የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሹክላና ባልደረቦቹ በ1989 ፀረ አካሉን ተለዋዋጭ ወደሆነው የፕሮቲኑ ጫፍ አነጣጥረው አራት የተለያዩ ቫይረሶች መሆናቸውን አሳዩ፤ የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ፣ የበቆሎ ድንክ ሞዛይክ፣ የማሽላ ሞዛይክና የጆንሰን ሣር ሞዛይክ። እኛም በኢላይዛው ብቻ አልረካንም፤ በቅደም ተከተል ንባብ ተረጋገጠ።

የዝርያ ድንበሩ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም እንደየቤቱ ይለያያል። በፖቲቪሪዴ ሁለት ቫይረሶች በሙሉ የፕሮቲን ማንበቢያ ክፍላቸው የኑክሊዮታይድ መመሳሰላቸው ከ76 በመቶ በታች ከሆነ ሁለት ዝርያ ናቸው። በማስትሬቫይረስ ድንበሩ በሙሉው መዝገብ 78 በመቶ ሲሆን፣ በነጭ ዝንብ በሚተላለፉት በቤጎሞቫይረሶች 91 ነው። አንባቢ «ይህ ሁሉ የሰው ስምምነት ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ ነው እንዴ?» ቢል አልከራከረውም። ስምምነት ነው። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የቫይረስ ምደባ ኮሚቴ በ1966 ሥራ ሲጀምር ከነበረው ትርምስ ጋር ሲነጻጸር ይህ ስምምነት ወርቅ ነው። በስያሜውም በኩል ቢሆን ሆልምስ በ1939 ቫይረሶችን እንደ ዕፅዋት በሁለት የላቲን ቃል ሲሰይም የብዙ ሰው መሳቂያ ሆኖ ነበር፤ ኮሚቴው በ2020ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ቃል ያለው የዝርያ ስም አጸደቀ። የሽንትሩ ቫይረስም ዛሬ ማስትሬቫይረስ ስቶሬይ ተብሎ በዚያ አንጀት ወጊ ሰው ስም ይጠራል።

ውጤቱ በንድፉ ላይ ሲቀመጥ ማሳው ተከፋፈለ። የረባዳው ጥግ የሽንትር ቫይረስ ብቻ። መሃሉ የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ብቻ። በመንገዱ ጥግ ካሉት አንዳንዶቹ ክሎሮቲክ ሞትል ብቻ ይዘው ገርጥተዋል እንጂ አልሞቱም፤ የደረቁት፣ ቆረቆንዳቸው ባዶ የሆነባቸው፣ ክሎሮቲክ ሞትልና ሞዛይክ በአንድ ላይ የገቡባቸው ነበሩ።

ለምን ዝምድናው ገንዘብ ሆነ

ገዳዩ የበቆሎ በሽታ አንድ ቫይረስ አይደለም። ክሎሮቲክ ሞትል ከፖቲቪሪዴ ቤተሰብ አንዱን በአንድ ተክል ውስጥ ሲያገኝ የሚፈጠር ጥምረት ነው። መጀመሪያ የታየው በ1976 በአሜሪካ ካንሳስ ነው፤ በ2011 በኬንያ ቦሜት ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ተዛመተ፤ በ2014 ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘቱ ተረጋገጠ። ሁለተኛው አጋር የግድ የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ መሆን የለበትም፤ የበቆሎ ድንክ ሞዛይክም፣ የስንዴ ሽንትር ሞዛይክም ይሆናል። አንዱን ከሌላው የሚያቀራርባቸው ያመጣቸው ነፍሳት አይደለም፤ ሞዛይኮቹን ክሽክሽ ያመጣቸዋል፣ የስንዴውን ደግሞ ቅንቅን። የጋራቸው ቤተሰቡ ነው። የተክሉን መከላከያ የሚያፍን ፕሮቲን በዚህ ቤተሰብ ዘንድ የዘር ሀብት ነው፤ ክሎሮቲክ ሞትልም የሚያብበው በዚያ ጥላ ሥር ነው ተብሎ ይታመናል።

በነፍሳት የመደበ ሰው «ክሽክሽና ትሪፕስ አብረው አሉ» ይላል እንጂ አደጋውን አያይም። በቤተሰብ የመደበ ሰው ግን ሦስት ነገር ወዲያው ይናገራል። የሽንትሩ ጥግ ከመንገዱ ጥግ ጋር ቢቀላቀል እንኳ ገዳዩን ጥምረት አይፈጥርም፤ ሽንትር የሌላ ቤት ልጅ ነው። መሃሉ ብቻውን ብዙም አያሰጋም። ክሎሮቲክ ሞትል ከመንገዱ ጥግ ወደ መሃል ከገባ ግን ሁለተኛው አጋር እዚያ ተቀምጦ እየጠበቀው ነው። ስለዚህ የሚነቀለው የመንገዱ ጥግ ነው፤ ገና ያልደረቀውም ጭምር፣ አጠገቡ ካለው ንጹሕ ከሚመስል ረድፍ ጋር።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉ። «እንዲያ ከሆነ የሚያስፈራው የሞተው ሳይሆን በሕይወት ያለው ነዋ» አሉ። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ የእሳቸው አባባል የልማት ሠራተኛዋን ማስታወሻ ደብተር ገባ።

ማሳው አልተቃጠለም። የመንገዱ ጥግ ተነቅሎ አረንጓዴው አገዳ እዚያው ግቢ ውስጥ ለከብት ተከተፈ። ወደ ሌላ ቀበሌ እንዳይሸጥ ተነገራቸው፤ የሻገተው ፍሬ ለሰውም ለከብትም እንዳይሰጥ። ለክሽክሹ ርጭት አልተደረገም። ቤት ውስጥ ከነበረው በቆሎ ለዘር እንዳይቀመጥ ተወሰነ፤ ክሎሮቲክ ሞትል እምብዛም ቢሆን በዘር ይሻገራል፣ ሞዛይኩም እንዲሁ፤ የሽንትሩ ቫይረስ ግን በዘር አይተላለፍም።

አስቸጋሪው ረባዳው ነበር። የሽንትር ቫይረስ ከ80 በላይ በሆኑ የሣር ወገን ዕፅዋት ላይ መኖር ስለሚችል ከሣሩ አይጠፋም፤ በበጋ እርጥበት ላይ የሚዘራው በቆሎ ግን ዘላዩንም ቫይረሱንም ከአንድ ክረምት ወደሚቀጥለው የሚያሻግር ድልድይ ነው። ለትሪፕሱም እንደዚያው። ቦኔው የሐጂ ብቻ ቢሆን በቀላሉ በድንች ወይም በቦሎቄ ይተካል። ጎረቤቶቻቸውም በዚያው ረባዳ ላይ መሬት አላቸው፤ የበጋ እሸት ደግሞ ጅማ ከተማ መንገድ ዳር ጥሩ ዋጋ ያወጣል። በአንድ የደቦ ቀን ነገሩ ተነሥቶ ነበር። አንድ ጎልማሳ «የእርስዎ በቆሎ ስለታመመ እኛ እሸት እንተው እንዴ፣ ሐጂ?» አላቸው፤ ሰውም ሳቀ። ግማሾቹ ተስማሙ፣ ግማሾቹ አልተስማሙም። እኔ በግሌ የሳቁትን አልፈርድባቸውም። ድልድዩን የሚያፈርሰው ሁሉም አብሮ ሲተው ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢተው እሱ ይከስራል፣ ዘላዩ ግን ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል።

በቀጣዩ ክረምት የላይኛው ማሳ በቦሎቄ ተሸፈነ። ቦሎቄም የራሱ ፖቲቫይረስ አለው፣ እሱንም ክሽክሽ ያስተላልፈዋል፤ ግን በቆሎን አያጠቃም፣ የበቆሎዎቹም ቦሎቄን አያጠቁም። ከማሳው አጠገብ ያሉ የጎረቤት በቆሎዎች ላይ ሽንትሩ ካለፈው ዓመት ቀለል ብሎ ታየ። ይህን ለረባዳው በከፊል መተው ብቻ መስጠት አይቻልም፤ ዝናቡም የተለየ ነበር። የመንገዱ ጥግ ቫይረስ በአንድ ጎረቤት አጥር ሥር እንደገና ታይቷል፤ ወዲያው ተነቅሏል።

አራተኛው ቅጠል

ከናሙናዎቹ መካከል ለሦስቱም ቫይረሶች ነጻ የሆነ አንድ ቅጠል ነበር። ከመሃሉ ማሳ የተወሰደ ነው፤ ጠርዙ ቀይ ዳማ፣ መሃሉ ቢጫ፣ መስመርም ዝንጉርጉርም የሌለበት። ብርድ ወይም የፎስፈረስ እጥረት እንዳንለው ዙሪያው ያሉት ተክሎች ጤነኞች ናቸው። ሉቲዮቫይረስ ይባሉ ከነበሩት ወገኖች አንዱ የሆነው ፖሌሮቫይረስ ይጠረጠራል፤ በዚህ ወገን ያለው የበቆሎ ቢጫ ሞዛይክ ቫይረስ በኢትዮጵያ በቆሎ ላይ ተገኝቷል። ክሽክሽ ያስተላልፈዋል፤ እንደ ሸንኮራ አገዳው ሞዛይክ በመርፌው ጫፍ ብቻ ግን አይደለም፤ እንደ ሽንትሩ በነፍሳቱ አካል ውስጥ ዞሮ ነው። ክሽክሹ ያው አንዱ የበቆሎ ክሽክሽ ነው። አንዱን ቫይረስ በሴኮንዶች ጥሎ ያልፋል፣ ሌላውን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይዞራል።

ናሙናው ለፖሌሮቫይረሶች የጋራ በሆነ ፕራይመር (ፒሲአር የሚነሣበት አጭር የዘር ቁራጭ) እንዲመረመርና ቅደም ተከተሉ እንዲነበብ ተልኳል። እስከዚያው መዝገቡ ላይ ቤተሰቡ በሚጻፍበት ዓምድ «ያልተወሰነ»፣ አስተላላፊው በሚጻፍበት «ክሽክሽ፣ የተጠረጠረ» ተብሎ ተሞልቷል። ሁለቱን ዓምዶች ለያይታ ያሰመረቻቸው የልማት ሠራተኛዋ ናት።